ቶሎ የታጠቡት ሳህኖች

በቤተ ሙከራው «እትዬ ሰዓት» ይሏታል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ደቂቃ አልሳተችም። ሥራዋ የነርቭ ሕዋሳትን በትንንሽ ሳህኖች ማሳደግ፣ ከዚያ ባሳደገችበት እጇ መርዝ ጠብ ማድረግ ነው። ሥራ ነው፣ ምን ይደረግ።

መርዙ ሕዋሱን በቀጥታ አይገድለውም። የሚጎዳው ማይቶኮንድሪያን፣ ለሕዋሱ ኃይል የሚያመርቱለትን ጥቃቅን ክፍሎች ነው። እስከ አራተኛው ሰዓት መርዙ ከታጠበ ሕዋሱ ያገግማል። ከዚያ ወዲያ ግን የተጎዱት ማይቶኮንድሪያ በውስጣቸው የያዙትን አንድ ፕሮቲን ያፈሳሉ፤ ሕዋሱም ያንን እንደ ትእዛዝ ተቀብሎ ራሱን በራሱ ይቆራርጣል። ያኔ ቢያጥቡት፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ሰዓት የቤተሰቡ እጣ ሳይሆን አይቀርም። ቅዳሜ ሱቁ ስትገባ ቀኝ እጁን ጭኑ ሥር ሸጉጦ ተቀምጧል።

«ሐኪሙ ጭንቅላትህ ውስጥ እንቅስቃሴ የሚያዙት ሕዋሳት እየሞቱ ነው አለኝ» አላት። «ማይቶ ምንትስ ተጎድቶ። አንቺ የምትገድያቸው ዓይነት ናቸው?»

«ዘመዶቻቸው ናቸው፣ ጋሼ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ሕመሙ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም ብሎኛል። ያኔ ብታከምስ ኖሮ?»

«ያኔም ማስታገሻ እንጂ ሞታቸውን የሚያቆም መድኃኒት አልነበረም።»

እውነቷን ነው። ግን ከሦስት ዓመት በፊት፣ አብረው ሲሄዱ፣ ቀኝ ክንዱ እንደ ግራው እንደማይወዛወዝ አይታ፣ የዚህ ሕመም የመጀመሪያ ምልክት እንዳይሆን ጠርጥራ ነበር። የሳህኑን ነገር በየሰዓቱ የምትመዘግብ ሴት፣ ይህን ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። አሁንም አልነገረችውም። ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች፤ ምንም አልመጣላትም።

ወንድሟ ትንሿን የብሎን መፍቻ በግራ እጁ አቀበላት። «ያዢልኝ፤ ለእኔ መታዘዝ ትታለች።» ኪሷ ከተተቻት።

ሰኞ አሥራ ሁለት ሳህኖች ላይ መርዝ አደረገች። ደንቡ በየሰዓቱ ሁለት ሁለት ሳህን ማጠብ፣ የመጨረሻዎቹን እስከ ስድስተኛው ሰዓት ማቆየት ነው። እሷ ግን በመጀመሪያው ሰዓት ተነስታ አሥራ ሁለቱንም አጠበች።

በማግስቱ አለቃዋ፣ በዕድሜ ልጇ የሚሆን ተመራማሪ፣ ከማይክሮስኮፑ ቀና አለ።

«እትዬ፣ እዚህ የሞተ የለም እኮ። ሙከራው ተበላሽቷል። ምን ነክቶዎት ነው?»

«አውቃለሁ» አለች፣ ኪሷ ውስጥ መፍቻዋን እየነካካች። «እነዚህን እንኳ በጊዜ ልድረስላቸው ብዬ ነው።»