ከአዳራሽ ወደ መስኮት

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ጉርድ ሾላ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሥልጠና ኃላፊ ነበርሁ። የነዋሪዎች ምዝገባ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲዞር ሠራተኞቹን፣ እንደ ልማዳችን፣ ቢሾፍቱ ወስደን በሆቴል አዳራሽ አሠለጠንን። ወጣቷ አሠልጣኝ በየመሐሉ «ገባችሁ?» ትላለች፤ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። በእኛ ዘንድ «አልገባኝም» ማለት አስተማሪን ማሳጣት ነው፤ በዕድሜ በሚያንሱ ባልደረቦች ፊት ሲሆን ደግሞ ራስን።

ስንመለስ፣ ዕድሜያቸውን በመስኮት አገልግሎት ያሳለፉ አንዲት ባልደረባዬ አንድ ሰው እንኳ መመዝገብ አቃታቸው። ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ።

«እስከ ሰኞ ካልቻሉ ከመስኮት ይነሣሉ።»

«ቅዳሜን ይስጡኝ፤ እዚያው መስኮታቸው ላይ ይሠለጥናሉ።»

«አዳራሽ የለ፣ አበል የለ፤ ይኼ ሥልጠና ይባላል?»

«ይባላል» አልሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ባልደረባዬንና ወጣቷን አሠልጣኝ ጎን ለጎን አስቀምጬ ደንብ አወጣሁ፤ «ገባዎት?» አይባልም፣ «ያሳዩኝ» ይባላል። አሠልጣኟም እጇን ወደ ኋላ ታደርጋለች። ይህኛው ከበዳት፤ ባልደረባዬ በዘገዩ ቁጥር እጇ ወደ ማውሱ ይሮጣል።

«እጅሽን!»

«ውይ ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ላሳያቸው!»

«ቢሾፍቱ አሳይተሻቸዋል።»

ባልደረባዬ የልደት ቀን ሞሉ፤ ኮምፒውተሩ መለሰባቸው። ደግመው ሞሉ፤ መለሰባቸው። ዙሪያቸውን ቃኙ። ከሦስታችን በቀር ሰው አልነበረም።

«እዚህ ጋ አልገባኝም» አሉ።

ለካ ማሽኑ የሚጠብቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፤ እርሳቸው የሚሞሉት የእኛን። መቀየሪያው ቁልፍ ከጎኑ ነበር፤ በአዳራሹ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል።

ከሰዓት አሠልጣኟ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ ባለጉዳይ ሆነች።

«እማማ፣ ፈጠን ይበሉ እንጂ! ታክሲ አስቁሜ ነው የመጣሁት!»

«ታክሲሽን ልቀቂው፤ ተራሽን ጠብቂ» አሏት። እስኪመሽ ሳቃቸውን እየሰማሁ ደጋግመው እንዲሠሩ አደረግሁ።

ሰኞ ማለዳ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ፣ እኔ ከባልደረባዬ ወንበር ኋላ ቆምን። አንድ የላምበረት መስመር ታክሲ ሹፌር የልጁን ልደት ሊያስመዘግብ መጣ፤ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ነገራቸው። ባልደረባዬ ጽፈው ቆም አሉ። እጄ ወደፊት ሲዘረጋ ታወቀኝ፤ ከወገቤ ኋላ አጣምሬ ያዝሁት። እርሳቸው ቁልፉን ፈለጉ፣ አገኙ፣ ተጫኑ።

«ይኸው ተመዘገበልህ፤ ይደግልህ ልጄ» አሉት።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። ባልደረባዬ ግን ማንንም ዞር ብለው ሳያዩ፣ «ቀጣይ!» ብለው ተጣሩ።