ቁልፍ ሠሪው ይቅር ያላለው የመጨረሻ ክፍል

ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ቁልፍ ሲቀርጽ አንድም ሰው ጠርጥሮት የማያውቀውን ቁልፍ ሠሪ ጉድ የሠራው በቴሌቪዥን በየሳምንቱ ሲታይ የከረመው የወንጀል ድራማ የመጨረሻ ክፍል ነው። የድራማው ገዳይ ቁልፍ ሠሪ ሆኖ አረፈው!

በማግስቱ የጥንት ደንበኛው ልብስ ሰፊዋ ቁልፋቸውን እንዲቀርጽላቸው ሰጥተውት ሱቁ በር ላይ ተገትረው ቀሩ።

«እትዬ፣ እንደ ወትሮው ከሰዓት አይመጡም?»

«ግዴለም፣ ቆሜ ልጠብቅ። ለራስህ አንድ ታስቀራለህ ብዬ እኮ አይደለም።»

ሞረዱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ዘጠኙን ክፍል እርስዎም አይተዋል። ሟቹ በሩን ከውስጥ በመቀርቀሪያ ዘግቶ ነበር። የውጭ ቁልፍ መቀርቀሪያ ይከፍታል?»

«የት ተደርጎ!»

«ታዲያ? ደራሲው መላው ሲጠፋው እኔ ላይ ለጠፈው! ዘጠኝ ሳምንት ያየነውን ሁሉ ውሃ በላው።»

«እኔስ መጨረሻው ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ እትዬ ቅር ብሏቸው።

ቁልፍ ሠሪው እውነቱን ነው። የዘጋውን በር የረሳ ድራማ መጨረሻው ብቻ ሳይሆን ምዕራፉ በሙሉ ከንቱ ነው፤ ደራሲው በስንፍናው የሰው ስም ያጠፋል።

እትዬ አዲሱን ቁልፍ ተቀብለው ጥቂት አሰቡ። «መቀርቀሪያ በውጭ ቁልፍ አይከፈትም አልክ?»

«በፍጹም!»

«እንግዲያስ ለእኔም አንድ ግጠምልኝ።»

«ከማን ሊጠበቁ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፤ ብቻ ነገ በጠዋት ና።»