አምዚ ለኪያር የሞተበት ዓርብ

ቨርኒስ ሆሊንስ ኪያር ስትለቅም ወሬ አትወድም። ወሬ ያማረው ከሷ ረድፍ ርቆ ይልቀም! በኛ ቀዬ፣ እዚያ አላባማ፣ እሷን የሚያህል ለቃሚ አልነበረም፤ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ቅርጫቱ ሞልቷል። ግን ምን ያደርጋል? ኪያር የሚገዛው ሰው አንድ ሚስተር ክራንፎርድ ብቻ ነበር። ሚዛኑም የሱ፣ መጋዘኑም የሱ። ጥቁር ገበሬ ያመጣውን ኪያር ሠራተኛው ገልበጥ ገልበጥ ያደርግና "ሦስተኛ ደረጃ" ይላል። አለቀ፣ ይግባኝ የለም።

ቨርኒስ ስንት ዓመት ሙሉ "መሬታችን ደክሞ ይሆናል" እያለች ኖራለች። አንድ በጋ ግን ለነጯ ጎረቤቷ በቀን ሥራ ስትለቅም ቅርጫቶቹ ተደባለቁባትና የራሷ ኪያር በጎረቤቷ ስም መጋዘን ገባ። አንደኛ ደረጃ! የጎረቤቷ ደግሞ በሷ ስም ገብቶ ሦስተኛ ወጣ። ንዴቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ሆዷ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1967 ጥቁር ገበሬዎች ማኅበር መሠረቱ። ኪያራቸውን በራሳቸው ጭነት መኪና ወስደው፣ ኪያር በኮምጣጤ ለሚዘፈዝፍ ሩቅ ፋብሪካ ያለ ክራንፎርድ ሊሸጡ ተዋዋሉ። ቨርኒስ ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ ነበረች። ባሏ አምዚ ግን እንቢ አለ። አምዚ ግዙፍ ሰው ነው፣ በር ላይ ሲቆም ቤቱ ይጨልማል፤ ክራንፎርድ ፊት ሲቆም ግን የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል።

"ክራንፎርድ ነገ ዘር አልሰጥህም ቢለኝ ምን ልበላ ነው? ማኅበርሽን?" አላት።

"ሦስተኛ ደረጃ እየተባልክ ኑራ!"

"እኖራለኋ! እኔ ለኪያር ብዬ አልሞትም፣ ሰማሽ?"

የፈራው አልቀረም። የመጀመሪያው ጭነት ከወንዙ ድልድይ አጠገብ ተያዘ። የክራንፎርድ ወዳጅ የሆነው የሸሪፉ ምክትል፣ ፖሊሱ ሳግስ፣ "መብራቱ ደብዝዟል፣ ወረቀቱ ይጣራ" እያለ መኪናውን በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ ሙሉ ቀን ገተረው። ኪያር ደግሞ ፀሐይ አይችልም። ሲለቀቅ ከጭነቱ ሥር ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ፋብሪካው ቁርጡን ነገራቸው፤ እስከ ዓርብ ማታ ደህና ጭነት ካልደረሰ ውሉ ፈርሷል። ውሉ ፈረሰ ማለት ያ ሁሉ ገበሬ አንገቱን ደፍቶ፣ እየተሳቀበት፣ ወደ ክራንፎርድ መጋዘን ይመለሳል ማለት ነው።

ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰቡ። አንዱ "በጫካው መንገድ እንዙር" ይላል፣ ሌላው ያለቅሳል። ይሄኔ ሉሺየስ ብራግስ ጉሮሮውን ጠረገ። ሉሺየስ ቀባሪያችን ነው፤ የእድራችን ሳጥንም የአስከሬን መኪናም ከሱ ነው። የጥቁር ሬሳ ማጠብ የሚፈልግ ነጭ ስለሌለ በሱ ንግድ የገባበት የለም፤ የክራንፎርድንም ፊት አያይም።

"ሳግስ ጭነት መኪና ያቆማል። ቀብር ሲያቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ?" አለ።

ማንም አላየም። በኛ አገር ሬሳ ሲያልፍ ነጩም ጥቁሩም መኪናውን ጥግ ያስይዛል፤ ይህን ከእናቱ ያልተማረ የለም። ከዚያ አንዲት ሴትዮ ሳቋ አምልጧት አፏን ያዘች።

ዓርብ ማለዳ ሳጥኑ በኪያር ተሞልቶ ክዳኑ ተቸነከረ። የቀረው በየመኪናው ወንበር ሥርና በሴቶቹ ጥቁር ቀሚስ ሥር ገባ። ቨርኒስ ከአስከሬኑ መኪና ቀጥሎ ባለው መኪና ተቀመጠች፤ ከጎኗ የአምዚ ታላቅ እህት ዩላ አለች። ዩላ እርጅና ጆሮዋን ቢያደክመውም ኪያሩን አብራ ስትጭን ነው ያደረችው። ማን ሞተ ከተባሉ ሉሺየስ "ከዲትሮይት የመጣች አሮጊት" ብሎ እንዲመልስ ተማክረዋል።

መብራታቸውን አብርተው፣ ቀስ እያሉ፣ ድልድዩ ጋ ደረሱ። ሳግስ መንገዱ መሃል ቆሟል። ጥግ እንደመያዝ እጁን አነሳና አስቆማቸው።

የአስከሬኑን መኪና ዞር ዞር ብሎ አየው። ጎማው መሬት ሊስም ምንም አልቀረው። ኪያር ይከብዳላ! ይህን ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም አላሰበውም።

"ምን ዓይነት ሬሳ ነው እንዲህ የከበደው?" አለ ሳግስ። መሪ የያዘው ሉሺየስ የተማከሩትን መልስ ዋጠው። ከዲትሮይት የመጣች አሮጊት እንዲህ ጎማ አታስተኛም። ሳግስ ትቶት ወደ ቨርኒስ መስኮት መጣ። የልጇ እኩያ ነው፤ ግን እሱ አንቺ ይላታል፣ እሷ እርስዎ ትለዋለች።

"ቨርኒስ፣ ማነው የሞተው?"

ግዙፍ ሰው። ግዙፍ ሰው ያስፈልጋል። ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ብትፈልግ ከአንድ ሰው በቀር አልመጣላትም።

"አምዚ ነው፣ ጌታዬ። አምዚዬ ነው።"

"አምዚ? ማክሰኞ ክራንፎርድ ጋ አይቼው ደህና አልነበረም እንዴ?"

"ሞት መች ይናገራል፣ ጌታዬ?"

ሳግስ ዓይን ዓይኗን አያት። ከዚያ ወደ አስከሬኑ መኪና ተራመደና የኋላ በሩን እጀታ ያዘ። በቃ አለቀልን፣ አለች በሆዷ። ውሉ፣ ማኅበሩ፣ ምናልባትም ሕይወታቸው፣ ሁሉም በዚያ እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል።

"አምዚ ምን ሆነ?" አለች ዩላ በዚህ መሃል። "አምዚ ሞተ ነው የምትይው? ወንድሜ? ወንድሜ ሞቶ ነው ሌሊቱን ሙሉ ኪ..."

ኪያር የሚለው ቃል ከአፏ ሳይወጣ ጩኸቷ ዋጠው። የእውነት መርዶ ነው የተረዳችው፣ ምስኪን! ደረቷን እየደቃች ከመኪናው ወርዳ አስፋልቱ ላይ ተዘረረች። ከኋላ ያሉት ሴቶች ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ ተቀብለው አለቀሱ። ሳግስ ብዙ ጥቁር ሲያለቅስ አይቷል፤ እንዲህ ያለውን ለቅሶ ግን ውሸት ነው የሚል አንጀት ማንም የለውም። እጁ ከእጀታው ወረደ። ባርኔጣውን አወለቀና ደረቱ ላይ ያዘ።

"እግዜር ያጽናሽ። እለፉ" አለ።

ድልድዩን እንደተሻገሩ ቨርኒስ እውነቱን በዩላ ጆሮ ጮኻ ነገረቻት። ዩላ መጀመሪያ እግዜርን አመሰገነች፣ ቀጥላ ቨርኒስን በጥፊ አጮለቻት።

"በአፍሽ ወንድሜን ገደልሽው! አፍሽ ይቆረጥ!"

ፋብሪካው ጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። መዛኙ ከሬሳ ሳጥን ኪያር ሲዘረገፍ አይቶ አማተበ፣ አንዱን ሰብሮ ቀመሰና "አንደኛ ደረጃ" አለ።

"እስቲ ድገመው" አለችው ቨርኒስ። ደገመላት።

ቤት ስትደርስ አምዚ በረንዳ ላይ አተር ይፈለፍላል።

"ጥቁር የለበስሽው ማን ሞቶ ነው?"

"አንተ።"

ሁሉንም ነገረችው። ይቆጣል ብላ ጥጓን ይዛ ነበር። እሱ ግን አተሩን አስቀመጠ።

"ሳግስ ነው ባርኔጣውን ያወለቀው? ለኔ?"

"አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘው።"

"ይሄን ሽበቴን እያየ እስከ ዛሬ 'አንተ ልጅ' ነው የሚለኝ፤ በአባቱ በቅሎ አስቀምጬ እየመራሁ ያሳደግኩት ልጅ! ለካ መሞት ነበረብኝ።" ከተቀመጠበት ብድግ አለና "ሰኞ ጭነት መኪናውን ማነው የሚነዳው?" አላት።

"አምዚ፣ አብደሃል? እሱ እኮ ያውቅሃል!"

"እንዲያየኝ ነው የምፈልገው። የኔም ኪያር ይጫን።"

ሰኞ ጠዋት አምዚ መሪውን ጨበጠ፤ ቨርኒስ ከጎኑ ተቀመጠች። ድልድዩ ጋ ሳግስ ከሌላ ፖሊስ ጋር ቆሟል። እጁን አንስቶ አስቆማቸው፣ ቀና ብሎ ሲያይ ፊቱ ኖራ መሰለ። አምዚ በመስኮት ብቅ አለ።

"ደህና አደሩ ጌታዬ? ዓርብ ለቅሶዬን ስለደረሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ።"

"የምን ለቅሶ ነው?" አለ ሌላው ፖሊስ።

ሳግስ ከኖራነት ወደ ቀይ ሥርነት ተለወጠ። የሳግስ እጅ ወደ ሽጉጡ ወረደና እዚያው ቆየ፤ ቨርኒስ ዓይኗን ከዚያ እጅ አልነቀለችም። ቢናገር ለኪያር ባርኔጣ ማውለቁን ሊናገር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሳይሳቅበት በየትኛው መጠጥ ቤት ሊገባ ነው? እጁ ከሽጉጡ ተመለሰ።

"ምንም አይደለም" አለ። "ሂዱ። ሂዱ ነው የምለው!"

'አንተ ልጅ' አላለም።

ድልድዩን ተሻግረው፣ ከእይታ ሲርቁ፣ አምዚ መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመ። የዚያ ግዙፍ ሰው እንባ አገጩ ላይ ደርሷል። ቨርኒስ ትከሻውን ያዘችው።

"አይዞህ። ሞተህ ተነስተሃል፣ ከዚህ በላይ ምን ሊያደርጉህ ነው? በል ንዳ፣ ኪያሩን ፀሐይ እየመታው ነው።"