የሰፈራችን ፍሳሽ የሄደበት

ማክሰኞ ጠዋት ከቦሌ ሚካኤል የተነሳሁት እህቴ አበባ በስልክ በነገረችኝ ነገር እንቅልፍ አጥቼ ነው። አበባ ከጎሮ ወዲያ ወንዝ ዳር አትክልት እያለማች ትኖራለች። ትንሿ ልጇ በተቅማጥ ሐኪም ቤት ተኝታ በወጣች ማግስት፣ "የእናንተ ሰፈር ቆሻሻ ነው ወደ እኛ የወረደው" አለችኝ። የሽንት ቤታችን ጉድጓድ በየክረምቱ እየሞላ ደጃፋችን ላይ ሲፈስ፣ ጎረቤቶቼ ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር እንዲገናኙ ቤት ለቤት ዞሬ ያግባባሁት እኔ ነኝ። የእህቴን ልጅ ያሳመምኳት እኔ እሆን? መስመሩ የሚያበቃው ከእህቴ ማሳ አጠገብ ባለው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ስለሆነ፣ ደውዬ ጣቢያውን ለመጎብኘት ፈቃድ አገኘሁ።

ጎረቤቴ እማማ ዘነቡ ሲሰሙ፣ "እኔም ተገናኝቻለሁ፤ ጥፋት ካለ የሁለታችን ነው" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉኝ።

መገናኛ ላይ የጎሮ ታክሲ ሰልፍ ረዥም ነበር። ቆመን ቦንቦሊኖ በላን። አብራን እንድታይ የጠራኋት አበባ ጎሮ አስፋልት ዳር ጠበቀችን፤ ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ በባጃጅ፣ ኮረኮንቹን መንገድ ይዘን፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ጣቢያው ደረስን።

የተቀበለችን የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ሂሩት ናት። መጀመሪያ ፍሳሹ በብረት ወንፊት ሲያልፍ አየን፤ ጨርቅና ፌስታል እዚያ ይቀራል። ቀጥሎ ደለሉ ወደሚዘቅጥበት ገንዳ ይገባል። ቀጣዩ ገንዳ ግን ይንተከተካል።

"ምን ጥዳችሁበት ነው ልጄ?" አሉ እማማ ዘነቡ።

"እሳት የለውም እማማ። ከሥር አየር እየነፋንበት ነው። ቆሻሻውን የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው፤ እነሱም አየር ይፈልጋሉ።"

ከዚያ ውኃው እንደገና ይጠልላል፤ በመጨረሻም የበሽታ ተሕዋስያንን በክሎሪን ገድለው ወደ ወንዙ ይለቁታል።

አበባ አልረካችም። "ታዲያ ልጄን ምን አሳመመብኝ?"

ሂሩት አልተከራከረችም፤ ወንዙ ዳር ወሰደችን። ከጣቢያው የሚወጣው ውኃ ጠጠሩን ያሳያል። ከላይ የሚመጣው ወንዝ ግን ጠቁሮ አረፋ ተሸክሟል፤ ማዶ ካሉት ግቢዎች የወጡ ቱቦዎች በቀጥታ ይደፉበታል።

"እነዚህ ገና መስመሩ ውስጥ አልገቡም። ማሳሽን ከየት ነው የምታጠጪው?" አለች ሂሩት ወደ አበባ ዞራ።

አበባ በጣቷ አሳየች። ቦይዋ የተጠለፈው ከጣቢያው በላይ፣ ከጥቁሩ ውኃ ነበር። ልጇ ካሮት ነቅላ ሳታጥብ እንደምትበላ ቀስ ብላ ነገረችን።

"ያሳመማት ይሄ ነው ብዬ መማል አልችልም" አለች ሂሩት። "ግን ይህን ውኃ አትክልት ላይ አትልቀቂ። የእኛም ቢሆን ለመጠጥ አይሆንም።"

ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደ። አበባ ክንዴን ይዛ፣ "ያለ ጥፋትህ ወቀስኩህ" አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ከባሏ ጋር ሆነን ቦዩን አፈር በተሞሉ ጆንያዎች ደፈንነው። አበባና ባሏ ለጊዜው ከጎረቤት የጉድጓድ ውኃ በጎማ ለመሳብ ተስማሙ። ልጅቷ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ሽሮዋን ጠራርጋ ስትበላ አይቼ ደስ አለኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቦሌ ሚካኤል ገባን። ፍሳሽ ከደጄ ሲርቅ የጠፋ ይመስለኝ ነበር። አይጠፋም፤ ወይ የሚያጸዳው ሰው ያገኛል፣ ወይ የሌላ ሰው ልጅ ጋ ይደርሳል። ልሰናበታቸው ስል እማማ ዘነቡ ወደ ታችኞቹ ቤቶች አዩ። "እነዚያ ገና አልተገናኙም አይደል? ነገ እኔ ላናግራቸው። ያየሁትን ነው የምነግራቸው።"