በመቃብሩ ኮረብታ ላይ የተያዘው ሳር

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ማታ ማታ ግቢያችን ውስጥ የሚወራው ሁሉ በጣም ሩቅ አገር የሆነ ይመስለኝ ነበር። ያኔ የምንኖረው ከምዕራብ ዓባያ ወረድ ብሎ፣ ሐይቁ አጠገብ በተቆረቆረች አዲስ መንደር ነበር፤ የቤቶቹ ቆርቆሮ ገና አልዛገም። ከበላያችን ግን ዛፉ የማይቆረጥ፣ ድንጋዮቹ እንደ ሰው የቆሙ ኮረብታ ነበር። የጥንት ሰዎች መቃብር ነው። የሙታኑ ዘር የሆኑት አያ ጫቦና ሁለት ልጆቻቸው ከእኛ የሚለያቸው አንድ አጥር ብቻ ነበር።

ተረት የሚነግረን መምህር ታደለ ነው። ከጎጃም የመጣ ወጣት አስተማሪ ሲሆን፣ ባሏ የሞተባት እናቴ የጓሮዋን ክፍል አከራይታው ነበር። ከእራት በኋላ የበቆሎ ቆረቆንዳ ፍም ዙሪያ እንቀመጣለን፤ ጭሱ ቢምቢውን ያባርራል፤ ፋኖሱ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ይወዛወዛል። መምህር ታደለም ስለ ግብፅ ያወራል። በትልቁ ወንዝ ዳር፣ ዛሬም ሰው የሚኖርባት አንዲት መንደር አለች ይለን ነበር፤ ጎረቤቷ የጥንት ሹማምንት መቃብር ነው፤ አንዳንዱ ቤት እንዲያውም በሙታኑ ደጃፍ ላይ ተሠርቷል። አንድ ሰው የፍየሎቹን ጉረኖ ሊያሰፋ ሲቆፍር ደረጃ አገኘ። ደረጃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች በር አለ። መምህር እዚህ ሲደርስ ፍሙን ይቆሰቁሳል፤ እኛም ጠጋ እንላለን። ከበሩ ወዲያ ያለው ወርቅ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ በዚያ ሰሞን ሽማግሌ ልኮ፣ «ቤት ሳይኖርህ ልጃችንን የት ታስገባታለህ?» ተብሎ ተመልሶ ነበር። አንድ ማታ ከፍሙ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ጠየቀ።

«መምህር፣ ሰውዬው መጨረሻው ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? ባለጸጋ ሆነ እንጂ!»

«አንተ ደግሞ፣ ልጆቼን በወርቅ ወሬ አታስክርብኝ» አለችው እናቴ፤ ሁላችንም ሳቅን። ማርቆስ አልሳቀም።

በማግስቱ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ከኮረብታው ጩኸት ተሰማ። እናቴ፣ መምህርና እኔ ተከታትለን ሮጥን። ማርቆስ ዶማ ይዞ ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል። አጠገቡ አንድ የቆመ ድንጋይ ወድቋል። ያወጣው ቀይ አፈርና የተሰበረ ገል ብቻ ነበር። የአያ ጫቦ ልጆች ገጀራ ይዘው ከፊቱ ቆመዋል።

«ውጣ!» አለ ታላቁ፣ ባንቴ። «ወይም እዚያው ተኛ። ራስህ ቆፍረህልናል።»

«ና አውጣኝ!» አለ ማርቆስ፤ ዶማውን አነሳ።

ያኔ አያ ጫቦ በዱላቸው እየተደገፉ ደረሱ። ጎንበስ ብለው ለምለም ሳር ነጩና ተንበረከኩ። ወደ ወንድሜ ይዞራሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን የዞሩት ወደ ገዛ ልጆቻቸው ነው። ማርቆስ ያነሳው ዶማ ከጀርባቸው ቀረ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ሳር ይዞ ከተንበረከከ የተቆጣው ሰው ባለበት ይቆማል። አልፎት የሄደ አብሮት የሚበላ፣ ሲሞትም የሚቀብረው አያገኝም። የተቆጣው መሣሪያውን ሳይጥል ሽማግሌው ከተነሳ ግን፣ ልመናውን ትቷል፤ የተቆጣውን የሚይዘው የለም ማለት ነው።

መምህር ታደለ ይህን አያውቅም። የታየው ጭቃ ላይ የወደቁ አዛውንት ናቸው። ብብታቸው ሥር ገብቶ «አባቴ፣ ይነሱ፣ እርስዎ አይንበርከኩ» እያለ ብድግ ሊያደርጋቸው ጀመረ። ጉልበታቸው ከመሬት ለቀቀ፤ ሳሩ ከእጃቸው ተንሸራተተ። ባንቴ አባቱ ሲነሱ አየና ገጀራውን ከፍ አደረገ።

እናቴ የወንጌል አማኝ ነበረች። ሳር መያዝ የአሮጌው ሰው ሥራ ነው፣ የምንበረከከው ለጌታ ብቻ ነው ስትለን ኖራለች። ያን ጊዜ ግን ሳሩን ከነሥሩ መንግላ ባንቴ እግር ሥር ወደቀች።

«መምህር፣ እጅህን አንሳ! ልጄን ልታስገድልብኝ ነው!»

መምህር እሳት እንደነካ ሰው እጁን ሰበሰበ። አያ ጫቦ ተመልሰው ከጎኗ ተንበረከኩ።

«ባንቴ» አለች እናቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይህች መንደር ሳትቆረቆር፣ እናትህ ታማ ሳለች ያጠባሁህ እኔ ነኝ። በል እለፈኝ።»

ባንቴ እናቴን አየ፤ አባቱንም አየ። ከዚያ ገጀራው መሬት ላይ ወደቀ፤ የወንድሙም ተከተለ። ማርቆስ ዶማውን ጥሎ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀመጠና አለቀሰ።

አያ ጫቦ እንደተንበረከኩ ወደ መምህሩ ዞሩ። ቁጣ አልነበራቸውም።

«ማታ ማታ በአጥሩ በኩል እሰማሃለሁ» አሉት። «ጨዋታህ ይጥማል። ግን መምህር፣ ያ የግብፁ ሰውዬ ጎረቤት አልነበረውም?»

ሳይጨልም ማርቆስና ሁለቱ የአያ ጫቦ ልጆች አፈሩን መለሱ፤ ድንጋዩንም አብረው አቆሙ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ከሙዝ ተሸካሚነት ተነስቼ አርባ ምንጭ ላይ የራሴን መጋዘን እስክከፍት ድረስ ሳልቆጥርና ሳልመዝን ያለፍኩት ነገር ጥቂት ነው። በአንድ ጀንበር ስለ መክበር የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ከአጠገቡ ማን እንዳለ ነው።

የግብፁን ተረት ለልጅ ልጆቼም አወራላቸዋለሁ፤ ውብ ተረት ነውና። ደረጃው አለ፤ በሩም አለ። በእኔ አነጋገር ግን ከጉረኖው አጥር ወዲያ አንዲት የሰውዬው ጎረቤት ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ ዶማው ደረጃውን ነክቶ ድምፁ ሲለወጥባት እጇን ታቆማለች። ልጆቹ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይሉኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የምነግራቸው ቀስ ብዬ ነው።