እስከ ግድግዳው ጥግ

ልጄ መዳህ በጀመረች ሰሞን፣ በሰው አገር የወደብ ከተማ፣ ሃያብለ ሰፈር በተከራየናት ቤት ሊሾው ላይ ጊንጥ አገኘሁ። ከእጇ ስንዝር ቢርቅ ነው። በጫማ ጨፈለቅኩት፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሰው አልሆንኩም። ሊሾው ስንጥቅጥቅ ያለ ነበርና በየስንጥቁ ጭራ ይታየኝ ጀመር።

ከማግባቴ በፊት ሀራሙስ በሚባለው የሀብታም ሰፈር የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የድሮዋ ማዳሜ ሳሎኗን ስታድስ ወለል የሚለበስበት የላሚኔት ጣውላ ተርፏት ኖሮ፣ የጊንጡን ነገር ስነግራት "ውሰጂው" አለችኝ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጭነቱ ወደብ እስኪደርስለት ድረስ ራሳችን ጀመርነው። ከጣውላው ሥር የሚነጠፈውን ስስ ስፖንጅ ዘረጋን። እሱ በመጋዝ ይቆርጣል፣ እኔ አንዱን ጣውላ ከሌላው ጥርስ አስገብቼ በመዶሻ እመታለሁ። ቀጭ ባለ ቁጥር አንድ ስንጥቅ ተዘጋ እላለሁ።

ግድግዳው ጋ ስንደርስ ተጣላን።

"እዚህ ጋ የጣት ስፋት ክፍተት ይተዋል" አለ።

"ለምኑ?"

"ሲሠሩ ያየሁት እንደዚያ ነው። ኋላ ግድግዳው ሥር የሚመታው ዞኮሎ ይሸፍነዋል።"

"ዞኮሎው የታለ?"

"ከአዲስ አበባ አመጣለሁ።"

"እስከዚያ ለጊንጥ በር ልክፈትለት? በል ጥግ ድረስ አድርስልኝ!"

ሲደክመው እሺ አለኝ። ክፍተት ከሌለ ዞኮሎ ምን ያደርጋል ብለን እሱንም ረሳነው። የብርዱን ወራት በሰላም ተኛሁ።

ሐምሌ ገባ፤ ካምሲን የሚሉት የሚያቃጥል ነፋስ ጀመረ። አንድ ቀን ቀትር ላይ መብራት ጠፍቶ፣ ሰፈሩ በሩን ዘግቶ ጸጥ ብሏል። ልጄ መሐል ወለሉ ላይ ተኝታለች። ከሥሯ ጧ! አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ። ዞር ስል ወለሉ አብጦ ምንጣፏን ወደ ላይ ገፍቶታል። ይሄስ እባብ ነው አልኩ። ልጄን እንዴት እንዳነሳኋት አላውቅም፤ አልጋ ላይ ቆሜ እየጮህኩ ነበር።

ኤዶ፣ አክስቴ፣ የምላቸው ሶማሌዋ ጎረቤቴ በትር ይዘው ገቡ። "ዋ ማሃይ? ምን ሆንሽ ልጄ?"

"ከሥር አለ ኤዶ! እየገፋ ነው!"

ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። ሰምቶ ሳቀ። "አንቺ ሴትዮ፣ እባብ አይደለም! እንጨቱ ሲሞቀው ሰፍቶ መሄጃ አጣ። የጥጉን ጣውላ አንሺለት፣ ይተኛል።"

ኤዶ በቢላዋ ፈልቅቀው አነሱት። ወለሉ እያቃሰተ ወረደ። እፎይ ልል ስል፣ ከጣውላው ሥር፣ አሮጌው ስንጥቅ አፍ ላይ፣ አንድ ገርጣ ያለ ጊንጥ ጭራውን ቀስሮ ቆሟል። ኤዶ "ቢስሚላሂ" ብለው በበትራቸው ጨረሱት። በስንጥቁ ይምጣ ወይ አብረን ዘግተንበት ይክረም እስከ ዛሬ አላውቅም።

ባለቤቴ ሲመለስ ዙሪያውን ቆርጦ ዞኮሎውን አሳምሮ መታልኝ። እኔ ግን ልጄን ከጀርባዬ አላወርድም አልኩ። እኩዮቿ መሮጥ ሲጀምሩ እሷ አትቆምም ነበር። ኤዶ እግሯን አገላብጠው አዩና "ደህና ነው እኮ፤ አውርጃት" አሉኝ።

ወለሉን ደጋግሜ ጠርጌ፣ ዞኮሎውን በጣቴ ዳስሼ አወረድኳት። ጣቶቿ ጣውላውን ገና ሲነኩት እግሮቿን ሰበሰበች። አንገቴን ጥምጥም አድርጋ ይዛ ወደ ታች ታያለች። ልቧ በደረቴ ላይ ሲመታ ይሰማኛል። ጊንጥ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ መፍራቱን ግን ከእኔ ለምዳዋለች።