የሲስተር «አንዴ ብቻ» ግራ እጅ

ልጆቹ ያወጡላት ስም «አንዴ ብቻ» ነው። እግራቸውን ይዛ ስታሠራቸው «አንዴ ብቻ፣ የኔ ጌታ» ትላለች፤ አንዴዋ ግን አታልቅም። ስሙን ታውቀዋለች፣ አትቆጣም። በሆስፒታሉ የልጆች ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ከሰማያዊዎቹ ፍራሾች፣ ከተለጣጠፈው ትልቅ ኳስና ከግድግዳው መሰላል ጋር አብራ ያረጀች ሴት ናት። ወላጆች ሲስተር ይሏታል። እጇ ልስልስ ያለ ነው፤ ስለ አፏ ባናነሳ ይሻላል።

የምትመራው በአንድ ተረት ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እናቶች «እቤት በየቀኑ እናሠራታለን» ሲሏት አንገቷን ትነቀንቃለች እንጂ አታምንም። ልጁ እያለቀሰ ሆዱ የሚጨክን ወላጅ የለም ባይ ናት። እውነት ለመናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ አልተሳሳተችም።

ሚጣ ስትመጣ ሰባት ዓመቷ ነበር። የግራ ጭኗ አጥንት አናት፣ ዳሌዋ ውስጥ የሚገባው ክቡ ክፍል፣ ደም አንሶት ለስልሷል። እንዲህ ያለ አጥንት ክብነቱን ሳያጣ እንዲጠነክር ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያ መሮጥና መዝለል ክልክል ነው፤ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ደግሞ ጭኗ በየቀኑ ቀስ ተብሎ ወደ ጎን መከፈት አለበት። ሲስተር ልጅቷን በጀርባዋ አስተኝታ ለእናቷ አሳየቻት። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ ዝምተኛ፣ ደረቷ ላይ ሁልጊዜ መርፌ የሰካች። ልብ ብላ አየችና «ገብቶኛል» አለች።

ለውጥ ግን አልመጣም። ሲስተር በማዕዘን መለኪያዋ ስትለካት፣ ጭኗ በመጣች ቁጥር ካለፈው ያነሰ ይከፈታል። በመጨረሻ ሐኪሙ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ካልተሻላት ቀዶ ጥገና፣ ከዚያም ከወገቧ እስከ እግሯ ጀሶ እንደሚጠብቃት ተናገረ።

«እያሠራሻት ነው?» አለች ሲስተር።

«በየቀኑ። ጠዋትም ማታም።»

«እህቴ፣ አጥንት አይዋሽም። የሚዋሸው ሰው ነው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ሲስተርም ቃሏ የት እንዳረፈ አላየችም። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሌሎች እናቶች ግን አይተዋል፤ ሁሉም ድንገት የልጆቻቸው ጫማ ማሰሪያ የተፈታ መሰላቸው። ልብስ ሰፊዋ ሚጣን ልታነሳት እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ ወደ ፍራሹ ጥግ ሸሸች።

«ምነው ሚጣዬ፣ እናትሽ አይደለች እንዴ?»

«ታሳምመኛለች» አለች ሚጣ።

እናትየው ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። «እቤትም እንዲሁ ናት። ድሮ ከስፌት መኪናዬ ሥር አትጠፋም ነበር። አሁን እጄን ከጨርቁ ላይ ሳነሳ ካየች አያቷ ጀርባ ትደበቃለች። የምትተኛውም ከአያቷ ጋር ነው። እግሯ ይዳንልኝ እንጂ ትጥላኝ ብዬ ቻልኩት። እርስዎ ደግሞ አታሠሪያትም ይሉኛል።»

ሲስተር ደነገጠች። ቢሆንም የቆየ ጥርጣሬ ቶሎ አይለቅም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብላ «እስቲ እዚሁ አሠሪያት» አለቻት። የልቧን እንናገር ካልን፣ እጅ ከፍንጅ ልትይዛት ነበር።

እናትየው ተንበረከከች። ሚጣ ገና ሳትነካ ዓይኗን ጨፈነች። እናት በቀኝ እጇ የታመመውን እግር ከጉልበቱ ሥር ይዛ፣ ልክ እንዳየችው፣ ወደ ጎን ወሰደችው። ግራ እጇ ሥራ ስላልተሰጣት የልጅቷን ፀጉር ትዳብሳለች። እግሩ ሄደ፤ ጥሩ አድርጎ ሄደ። ሲስተር ግን እግሩን ትታ የልጅቷን ወገብ አየች። ዳሌዋ በሙሉ ተጣሞ እግሩን እየተከተለ ነበር። መገጣጠሚያው ቅንጣት ታህል አልተከፈተም።

ሲስተር የራሷን ግራ እጅ አየቻት። ይህች እጅ ማንም ሳያዛት በወዲያኛው በኩል ያለውን የዳሌ አጥንት ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች፤ ዳሌው እንዳይጣመም። ከልማድ ብዛት መያዟ ለባለቤቷም አይታወቃትም። ሲስተር ቀኝ እጇ የምትሠራውን ለእናቶች አንድ በአንድ ታስረዳለች፤ ስለ ግራዋ ግን ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ከዚህ በፊት ስንቷን እናት ውሸታም አድርጋ እንደሸኘች ማሰብ ጀመረችና ፈራች።

«አልዋሸሽም» አለች፣ ጫማ የሚያስሩትም እንዲሰሙ ጮክ ብላ። «ያልኩሽን አድርገሻል። ሳልነግርሽ የቀረሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

እናትየው አላለቀሰችም። «ታዲያ ያ ሁሉ ለቅሶዋ በከንቱ ነው?»

ሲስተር «በከንቱ ነው» አለች፤ ለወላጅ እንደዚህ የከበዳትን ቃል ተናግራ አታውቅም።

ከዚያ እናትየውን ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ሚጣን አንስታ ፊቷን ወደ እናቷ አዙራ፣ እግሮቿን ግራና ቀኝ አድርጋ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ እንጨት ሆነች። ሲስተር የእናትየውን እጆች ወስዳ በልጅቷ ዳሌ አጥንቶች ላይ አሳረፈች።

«እንዳትጣመም መያዝ ብቻ ነው። አትጎትቻት። ያንቺን ጉልበቶች ቀስ እያልሽ ስትከፍቻቸው የሷም አብሮ ይከፈታል። ካመማት አቁሚና ተረት አውሪላት።»

«በቃ? ማቀፍ ብቻ?»

«ማቀፍ ብቻ። ግን በየቀኑ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ እናት ስትመጣ ሲስተር መጀመሪያ ራሷ ፍራሹ ላይ ትንጋለላለች። «እኔ ልጅሽ ነኝ፣ አሠሪኝ» ትላለች። ያን የሚያህል ሰውነት ተዘርግቶ «ዳሌዬን ያዢው እንጂ፣ አመለጠሽ» ሲል ልጆቹ በሳቅ ይንከተከታሉ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ሚጣን አይቶ ቀዶ ጥገናው ለጊዜው ይቆይ አለ። ድናለች አላለም፤ መንገዱ ገና ረጅም ነው። ሲስተር ልጅቷን በእናቷ ጭን ላይ እንዳለች ለካቻት፤ እንደገናም ለካቻት፤ ዓይኗን ማመን ስላቃታት። ከዚያ መለኪያዋን ኪሷ ከትታ «በቃ ሚጣዬ፣ ውረጂ» አለቻት።

ሚጣ አልወረደችም። የእናቷን አንገት ጥምጥም አድርጋ ይዛ፣ ወደ ሲስተር ሳትዞር፣ «አንዴ ብቻ» አለች።